የመስታወት ጎደሎ

ዳግማዊ ኢያሱ በጎንደር ያሠሩት የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ግድግዳው ከወለሉ እስከ ሰው ወገብ ገደማ በዝሆን ጥርስ የተለበጠ ነበር። ከዚያ በላይ ከቬኒስ የመጣ መስታወት በሦስት ረድፍ ይዞራል፤ አንዱ ገጽ ከሌላው ጋር ተጋጥሞ፣ ወርቅ በተቀባ የመዳብ ክፈፍ ተይዞ። ጣራው ቀለም ተቀብቶ በጥለት የተደረደረ ስንጥቅ ሸንበቆ ነው። የጌጡን ሥራ ከሰምርኔስ ተሰደው የመጡ ግሪካውያን አንጥረኞች ያዙት፤ ጣራውን የሠሩት የአገሩ ልጆች፣ ቤተ እስራኤል ናቸው። ለንጉሥ ጣራ ያበጁት እነዚህ ሰዎች ርስት አልነበራቸውም። እንዲህ ያለ ጣራ እያለ ቀና ያለ ሰው መሬት መሬቱን ሊያይ አይችልምና፣ ነገሩን ልብ ያለው አልነበረም።

ይህን የጻፈልን ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ንጉሡ ካረፉ 15 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ከመስታወቱ የተረፈውን ግን በዐይኑ አይቷል። ታዲያ አድናቆቱን ሲጨርስ አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል፦ አዳራሹ አላለቀም፤ ያላለቀውም መስታወት ጎድሎ ነው። ይህች አጭር ቃል ከዝሆን ጥርሱም ከወርቁም ትከብደኛለች። የዝሆን ጥርስ አልጎደለም። ሸንበቆ አልጎደለም። ጣራ ሠሪም አልጎደለም። በዚያ መንግሥት ጎደሎ ቢኖር ንጉሥ ራሱን የሚያይበት ብቻ እንደነበረ ከዚህ እንረዳለን። ቤቱ ሳያልቅ መስታወቱ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ምን ምን እንዳለቀ ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ስለተናገሩት እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ምቀኛ በየዘመኑ አይጠፋም። ንጉሡ በሕንፃና በጌጥ ሲደክሙ «የትንሹ ኢያሱ ዘመቻዎች» የሚል ጽሑፍ በከተማው መዞር ጀመረ፤ ይህንንም ብሩስ መዝግቦታል። የጽሑፉ ይዘት የጉዞ ዝርዝር ነው፤ ከግቢ ወደ ቁስቋም፣ ወደ ቀሐ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ርቀቱን ያውቀዋል፤ ስንቅ ሳይቋጥሩ ደርሰው የሚመለሱበት ነው። «ትንሹ» የተባሉትም በቁመታቸው አጠር ያሉ ስለነበሩ ነው፤ ሌላ ፍቺ የሚፈልግ ሰው በራሱ ኃላፊነት ይፈልግ። እኔ በበኩሌ ለንጉሡ እፈርዳለሁ። ጉብኝት እንደሚወራው ቀላል አይደለም። አጃቢው፣ ነጋሪቱ፣ ከፊት ቀድሞ መንገድ የሚጠርገው፣ ከኋላ ሆኖ አቧራ የሚቅመው፣ ሲገቡ እልል የሚለው፣ ሲወጡ የሚሰግደው፣ ይህ ሁሉ ሲታሰብ ከእውነተኛ ዘመቻ የሚለየው ጠላት የሌለበት መሆኑ ብቻ ነው።

ወሬው እልፍኝ ድረስ ገባ። ንጉሡም ተቆጥተው በ1736 ዓ.ም. ወደ ስናር ዘመቱ። ብዙ ሠራዊት በዲንደር ወንዝ በኩል ቀረ፤ ከጦሩ ጋር የወጣው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል እንኳ ተማርኮ፣ በኋላ በወርቅ ተገዝቶ ነው የተመለሰው። አንዲት ወረቀት ስንት ሰው እንደምትፈጅ ከዚህ ይታያል። ንጉሡ ግን በደኅና ጎንደር ገቡ።

ወደ መስታወቱ እንመለስና፣ ከምፅዋ የሚነሣ የባሕር ማዶ ዕቃ ወደ ጎንደር የሚወጣው በእኛ በደባርቅ በኩል ነበር፤ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲ አርቃይ አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወጥቶ፣ ደባርቅንና ዳባትን ይዞ በወገራ ደጋ ላይ። ብሩስም ኳድራንቱንና ቴሌስኮፖቹን አስይዞ በዚሁ ነው የመጣው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያንን ጠምዛዛ የመኪና መንገድ ከመቁረጡ በፊት ሊማሊሞ በእግርና በበቅሎ የሚወጣ ነበር፤ የሸክም ከብት የሚያዳልጠው፣ ሰው በእጁ ዓለት እየያዘ የሚንጠላጠልበት። መስታወት ደግሞ ጠባይ አለው። አጋድመው ከጫኑት በገዛ ክብደቱ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ቆሞ ነው የሚሄደው፣ በገለባና በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ተሸፍኖ። ተሸካሚው ታጥፎ፣ መስታወቱ ቀጥ ብሎ ገደሉን ይወጣሉ። በየኬላው ቀረጥ ይከፈላል፤ ባለኬላው ያገኛል፣ ነጋዴው ያገኛል፣ መኳንንቱ ያገኛሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን በመንገዱ ያልተጠቀመ መንገዱ ራሱ ነው።

ንጉሡ ሲያርፉ ጌጥ ወዳጅ ጠፋ። ግሪካውያኑ አንጥረኞች ኮርቻና ልጓም ማስጌጥ፣ የሰይፍ እጀታ መለበጥ ያዙ፤ ብሩስ እንደሚለው ለዚያም የሚከፈላቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ጊዜው ሰይፍ የሚያጌጥበት ስለነበረ ሥራ አላጡም፣ ደመወዝ እንጂ። መስታወቱ ጥቂት በጥቂት ከግድግዳው ወደቀ። የቀረው በ1763 ዓ.ም.፣ ከሰርባኩሳ ውጊያ በኋላ ሲሰባበር ብሩስ ራሱ ቆሞ አይቷል። መቼም መስታወት ደግ ነው። ሙሉ ሳለ አንድ ንጉሥ ያሳያል፤ ሲሰበር በየስባሪው አንድ አንድ ንጉሥ ይወጣዋል። ዘመነ መሳፍንት የምንለውም የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

ይሁንና በዚህ ነገር ጎንደር ጀማሪ አይደለችም። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የተጻፈ የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል ልዩ ልዩ ዓይነት የመስታወት ሥራ ይጠቅሳል፤ ከግብፅ የሚመጣ ነው። ሮማውያን በብርጭቆ ሲጠጡበት፣ በግድግዳቸው ሲለጥፉት፣ ትርፉ ወደ አክሱም ይመጣ ነበር ማለት ነው። በዚያችው በአዱሊስ አንድ የአክሱም ንጉሥ የድል ታሪኩን በድንጋይ ዙፋን ላይ አስቀርጿል፤ ካስገበራቸው አገሮች አንዱ የእኛው ሰሜን ነው፣ በረዶው እስከ ጉልበት የሚያሰጥም ብርቱ ተራራ ተብሎ። ጽሑፉን በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ባይገለብጠው ኖሮ ጠፍቶ ነበር። እንግዲህ ወደቧ መስታወት ትቀበላለች፣ ተራራው በረዶ ያቀርባል። የሁለቱም ብርሃን አንድ ዓይነት ነው፤ ጠዋት ያምራል።

ከሮማውያን ሁሉ እኔ የምወደው ማርኮስ ስካውሮስን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ዓመት የከተማዋ ሕንፃና የበዓል ትርኢት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱ የአንድ ዓመት ነው። ሰውዬው አንድ ዓመት አይበቃም ብሎ አላላዘነም፤ ባለ ሦስት ደርብ መድረክ ያለው ትያትር አሠራ፣ 360 ዓምድ አቆመ፣ በዓምዶቹ መካከል 3,000 የነሐስ ሐውልት ደረደረ። የመድረኩ ታችኛው ደርብ እብነ በረድ፣ ላይኛው ወርቅ የተቀባ ሳንቃ፣ መካከለኛው መስታወት ነበር። ታች የሚሸከም ድንጋይ፣ ላይ የሚያብረቀርቅ ወርቅ፣ የሚሰበረው መካከል ላይ፤ የአሠራሩ ጥበብ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በኋላ ዘመን ሆኖ ሲጽፍ እንዲህ ያለ ነገር ዳግም አልታየም ይላል። ትያትሩ ያገለገለው አንድ ወር ያህል ነው።

አንድ ወር አነሰ የሚል ይኖራል። ለምረቃ አያንስም። ከዚያ ሁሉ ጌጥ የተረፈው ደግሞ አልባከነም፤ በቱስኩሉም ወዳለው የኃላፊው የግል ቪላ ተጋዘ፤ የሕዝብ ንብረት በደኅና ቦታ ይቀመጥ ብሎ መሆን አለበት። ያንን ቪላ በኋላ የገዛ አገልጋዮቹ ተቆጥተው በእሳት አጋዩት። በምን እንደተቆጡ መገመት ያስቸግራል። በየቀኑ ያን የመሰለ ጌጥ እየወለወሉ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ፈላስፋው ሴኔካ የጥንቱን የጦር አለቃ የሺፒዮን ቤት ሊያይ ሄዶ ገላ መታጠቢያው ጠባብና ጨለማ ሆኖ አገኘው። ካርታጎን ያሸነፈ ሰው በዚያ ይታጠብ ነበር። የዛሬ ሰው ግን፣ ይላል ሴኔካ፣ ግድግዳው በታላላቅ መስታወት ካላበራ፣ ጣራው በመስታወት ካልተሸፈነ ድሃ የሆነ ይመስለዋል። በነገራችን ላይ ሴኔካ ራሱ የሮም ባለጠጋ ነበር፤ እንዲህ ያለ ምክር ሁልጊዜ ከሞቀ ቤት ነው የሚወጣው።

ቄሣር ዶሚጢያኖስ ግን መስታወትን ለጌጥ ብቻ አልፈለገውም። በሚንሸራሸርበት ባለ ዓምድ መተላለፊያ ግድግዳው ላይ ከቀጰዶቅያ የሚመጣ፣ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ ድንጋይ አስለጠፈ፤ እየሄደ ከኋላው የሚሆነውን እንዲያይ። ሮም ሁሉ ከኋላው ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሕዝቡን በዚህ መንገድ ሳያቋርጥ ይከታተል ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ96 አንድ የቤት አዛዥ ግራ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ፣ የታመመ መስሎ፣ ሴራ ላጋልጥ ብሎ ገባ። ከኋላ አልመጣም። በፊት ለፊት ነው፣ በአክብሮት፣ ወረቀት ይዞ። ቄሣሩ ሲገደል የቀረበለትን ሪፖርት እያነበበ ነበር። መስታወቱን ግን መውቀስ አይገባም፤ ከኋላ ያለውን አሳይ ተብሎ ነው የተለጠፈው፣ አሳይቷል።

ስለ ቄሣር ጢባርዮስ ዘመን የሚነገር አንድ ወሬም አለ። አንድ ባለሙያ ቢጥሉት የማይሰበር፣ ቢያጥፉት የሚታጠፍ መስታወት ሠራ። ፕሊኒ ወሬው ከእውነቱ ይልቅ በብዛት የተወራ ነው እያለ ቢጠራጠርም፣ የሚተረከው መጨረሻ ይህ ነው፦ የሰውየው መሥሪያ ቤት ፈረሰ፤ የማይሰበር ነገር ከተገኘ መዳቡም ብሩም ወርቁም ዋጋ ያጣል ተብሎ። ሌሎች ሰውየው ራሱም አንገቱን አጣ ይላሉ። ለባለሥልጣኖቹ ያለኝን አክብሮት ሳልቀንስ የምለው፣ ስሌታቸው ትክክል ነበር። የሚሰበር መስታወት እስከ ዛሬ ማንንም አስቆጥቶ አያውቅም። በየጊዜው ጨረታ ያስወጣል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱን በተላጨባት በክንክራኦስ ወደብም የሚያሳዝን ነገር ሆኗል። በ4ኛው መቶ ዘመን ከመቶ በላይ የሆኑ፣ ከቀለም መስታወት ተቆርጠው የተገጣጠሙ ሥዕሎች በሳንጥን ታሽገው መጡ። ሆሜርና አፍላጦን ተሥለውባቸዋል፤ የአባይ ሸምበቆና ወፍ ሳይቀር። ግድግዳ ላይ ሳይወጡ ምድር ተናወጠች፣ ወደቡ ወደ ባሕር ሰመጠ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቁፋሮ ሲደረግ ሳንጥኖቹ ከነጭነታቸው ተገኙ። ርክክቡ በ1,600 ዓመት ዘገየ ማለት ነው። ከዚህ በላይ የዘገየ አላውቅም፤ አላውቅም ስል እርግጠኛ ሆኜ አይደለም።

ከመስታወት ወጣ ልበልና ወደ ራሳችን ተራራ ልመለስ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንና ትግሬን ሲገዙ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሊነግሡባት ነው። ሥራውን የመራላቸው ጀርመናዊው ሺምፐር ሲሆን ሙያው ዕፅዋት መመርመር ነበር፤ ሌላው ጀርመናዊ ዛንደርም አብሮ ሠርቷል። ያን ጊዜ የተሾመ ሰው ሁሉን ነገር ያውቃል ተብሎ ይታመን ስለነበር ይህ ማንንም አላስገረመም። ሁሉ ነገር ተሟላ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋጅቷል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው፤ በሁለተኛው ቀን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን፣ በእኚያው ጳጳስ እጅ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከዝግጅቱ የተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ዘውዱ የሚደፋበት ራስ ብቻ ነው የተለወጠው። ውቤ የደከሙት ለሰው መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ያን ያህል አሳምረው ይሠሩ ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ ለባለሙያዎች እተዋለሁ።

ዛሬ ደባርቅ የመስታወት ደሃ አይደለችም። ከጎንደር በአይሱዙ እየተጫነ ይመጣል፤ በእንጨት መደገፊያ ላይ ዘንበል ብሎ፣ በየሉሁ መካከል ካርቶን ገብቶለት፣ እንደ ጥንቱ ቆሞ። ፎቅ ሲሠራ ፊቱ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስታወት ይለብሳል፤ ጎኑ ልስን ያልነካው ብሎኬት፣ ጀርባው ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ እንግዳ በአስፋልቱ በኩል ብቻ ቢያልፍ ይመረጣል። ወደ ፓርኩ የሚወጡ ፈረንጆች እዚህ አድረው ነው የሚሄዱት፤ መስታወቱ ውስጥ የሰሜን ተራራ ጥላ ሲያርፍበት ፎቶ ያነሡታል፣ ተራራው ከኋላቸው ሆኖ። የአገሩ ሰው ግን ወቀሳ አያጣም፤ ቀትር ላይ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጩን ያስገባል ይላል። ሰው ሲለምድ ይተወዋል።

የማይለምደው ቁራ ነው። የእኛ አገር ቁራ ወፍራም መንቆር ያለው ጉልበተኛ ወፍ ነው። ከአንዱ ሕንፃ ደፍ ላይ ያርፍና መስታወቱ ውስጥ እኩያውን ያያል። አንገቱን ይነፋል፤ ያኛውም ይነፋል። ይወጋዋል፤ ያኛውም ይወጋዋል። ጠላቱ ልክ እርሱን የሚያህል፣ ልክ በእርሱ ሰዓት የሚነሣ፣ ሲሄድ የሚሄድ ብርቱ ጠላት ነው። ከሥሩ እህል ተበትኖ እንኳ አያየውም። ይህን የምለው ስለ ወፍ ነው።

መስታወት ቆራጩ ዘንድ ሥራ አይጠፋም። ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ሉሁን በሁለት እጁ አጋድሞ ያሳርፈዋል፣ ረጅሙን ማስመሪያ ይጭነዋል፣ የመቁረጫውን ጫፍ ናፍጣ ያስነካና አንድ ጊዜ ብቻ ይስበዋል። ሁለተኛ አይደግመውም፤ የተደገመ ጭረት ጠማማ ይሰብራል። ጭረቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ጫን ሲለው ቀጭ ይላል። ከአንድ መሥሪያ ቤት ለግዥ የተላከ ልጅ፣ ልኩን በወረቀት ይዞ፣ ቆሞ ይጠብቃል።

«ምን ዓይነት ነው የታዘዝከው የኔ ወንድም?» አለው።

«እኛ ከውስጥ ሆነን የምናይበት፣ ከውጭ ግን ማንም የማያየን።»

«እሱማ ሞልቷል። ቀን ላይ አንደኛ ነው፤ ደጅ የቆመ ሰው የገዛ ፊቱን እንጂ እናንተን አያይም። ማታ ግን ቀድሜ ልንገርህ፣ በኋላ ወቀሳ እንዳይመጣ። ውስጥ መብራት ሲበራ ነገሩ ይገለበጣል። እናንተ ራሳችሁን ብቻ ነው የምታዩት፤ መንገደኛው ሁላችሁንም ያያችኋል።»

ልጁ ወረቀቱን እየዘረጋ ሳቅ አለ። «ለሱ አያስቡ ጋሼ፤ ማታማ መብራት የለም።»